ጎበዝ ፊት፣ ሀያት ኋላ

አልዋሸሁም አልኳችሁ። ጢሜን አብቅዬ ጅቡቲ ውስጥ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ዴስክ ላይ ተቀምጫለሁ። «ለንግድ ነው የሄድከው» የምትሉም ተዉኝ አቦ። የእህቴ ልጅ ሀያት ጆሮዋ አይሰማም፣ የሰው ከንፈር እያየች ነው የምትረዳው። ትምህርት ቤቱ ሊያሰናብታት ነው ብላ እህቴ ብትደውል፣ ሰው በማግባባት ማን ይደርስብኛል ብዬ ከድሬዳዋ ባቡር ተሳፈርኩ።

ጅቡቲ ስወርድ ሙቀቱ በጥፊ ተቀበለኝ። ባለታክሲው ሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ቪላ ያለኝ መስሎት ዋጋ ቆለለ፤ በሶማልኛ ስመልስለት አፈረና ቀነሰ። ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር እህቴ ሱቅ ደርሼ ፉል በዳቦ በላሁ።

ጠዋት ትምህርት ቤት

ሀያት የመጨረሻው ዴስክ ላይ ናት።

«ማዳም፣ ለምን ኋላ?» አልኳት አስተማሪዋን በሶማልኛ።

«ፊት የሚቀመጡት ጎበዞቹ ናቸው። እሷ ጠይቀናት አትመልስም።»

«ከዚያ ሆና ከንፈርዎ ሳይታያት ምን ትመልስ?»

«ክፍሉ ሞልቷል፣ እኔ አንድ ነኝ። እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት እንደሚማር ማንም አላሳየኝም። ወይ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አምጡ፣ ወይ ቤት ትዋል።»

እህቴ ሱቅ አለባት። እኔ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነው፣ የእኔ ፈረንሳይኛ «ቦንዡር» ላይ ነው የሚያልቀው፤ ምኑን ላስረዳት? ማዳም ደግሞ ለሰሌዳው ነው የምታወራው። ጀርባዋን በሰጠች ቁጥር «ማዳም፣ ፊትዎን!» አልኩ። ልጆቹ ወደዱት፣ አብረውኝ ይጮሁ ጀመር። ማዳም ጭንቅላቷን ይዛ «በቃ፣ ፊት ትምጣ» አለች።

አለቀ ስል፣ በማግስቱ ወንበሯን ለሀያት የለቀቀችው ልጅ አባት በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ልጄ በጉብዝናዋ ያገኘችውን ቦታ ለማትሰማ?»

«አባባ፣ የእርስዎ ጎበዝ ከኋላም ትሰማለች። ጆሮ አላት አይደል?»

በር ላይ የነበሩ እናቶች ሳቁ። አባትየው እየተነጫነጨ ሄደ፤ ሀያት ፊት ቀረች።

ድሬ ከተመለስኩ በኋላ እህቴ ደወለች። ማዳም አሁንም ትረሳለች አለችኝ፤ ልጆቹ ግን ራሳቸው «ፊትዎን!» ይሏታል፣ ሀያትም መመለስ ጀምራለች። ልጅ ማስመዝገብና ልጅ ማስተማር ለየቅል መሆኑን አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ አወቅኩ፣ የተማሩት ግን ገና ናቸው። አሁንም ጉራ ነው የሚል ካለ ካርቲየ 3 ይሂድና ከዚያ ክፍል አንድ ልጅ ይዞ መጀመሪያ የጮኸው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።