ለከበሮ የተከፈለ ወንበር

ከበሮ እንደ ሰው መክፈል የጀመረበትን ጠዋት አስታውሳለሁ። ጎንደር መናኸሪያ፣ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሚኒባስ በር ላይ ቆሜያለሁ። ከበሮው በነጠላ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ረዳቱ በዓይኑ ለካውና፣ «ይሄ የሰው ቦታ ነው የሚይዘው፤ የሰው ሒሳብ ትከፍያለሽ» አለኝ።

«እስቲ አንሣና ክብደቱን እየው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ክብደቱ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምሸጠው ወንበር ነው» አለ።

አላነሣውም። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊሄድብኝ ስለሆነ ከፈልኩ። ከበሮው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ ተደላድሎ ሲሄድ እያየሁ ቆየሁና፣ እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን እያጉረመረምኩ ወጣሁ። ለአባቴ ስነግረው ግን ሳቀ። «እውነቱን ነው» አለ። «ቆዳውና እንጨቱማ ስንት ቦታ ይይዛል? የምንከፍለው ለነፋሱ ነው።»

አባቴ ከበሮ ሠሪ ነበር። በልጅነቱ ከጎንደር አድባራት በአንዱ ዜማ ሲማር ጉሮሮው አልታዘዝ ብሎት ወደ እጅ ሥራ ዞረ። የዋንዛ ግንድ ከትክል ድንጋይ ከተማ በኩል ያመጡለታል። ውስጡን ፈልፍሎ ያወጣዋል፤ አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ይሆናል። ከዚያ በሁለቱም አፍ ላይ የተነከረ የበሬ ቆዳ ይወጥርና ዙሪያውን በጠፍር ይጠፍረዋል። የቀረው ሁሉ የእኔ ሥራ ነበር። ስልክ አነሣለሁ፣ ከየደብሩ ጋር በዋጋ እስማማለሁ፣ መኪና እፈልጋለሁ፣ ከረዳት ጋር እጣላለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን በዚሁ ነበር የምንተዳደረው።

አንድ ልማድ ነበረው። ተሠርቶ ያለቀ ከበሮ ከቤታችን የሚወጣው ግቢው መሐል ከተመታ በኋላ ብቻ ነው። አባቴ ማንገቻውን አንገቱ ላይ ያደርግና መጀመሪያ ሰፊውን አፍ፣ ቀጥሎ ጠባቡን ይመታል፤ ጆሮውንም ወደ ቆዳው ዘንበል ያደርጋል። ካልጣመው ፈትቶ እንደገና ይጠፍራል። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ «አባባ፣ መኪናው ሊያመልጠን ነው እኮ» እላለሁ። «ሳይናገር ከቤቴ አይወጣም» ይለኛል። ከዚህ ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ እየተወደደ መጣ። ነዳጅ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው ጨምሮ ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ በሚቀጥለው ይዘጋል። ሹፌሩ ለተሰለፈበት ቀን፣ ለዞረው ዙሪያ ጥምጥም፣ ለፈራው ፍርሃት ሁሉ ያስከፍላል። እሱም ልጆች አሉትና አልፈርድበትም። ግን ሒሳቡ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ላሉት የደጋ አጥቢያዎች ደግሞ ሚኒባሱ ብቻ አይበቃም። ደባርቅ ላይ ዕቃው ወደ አይሱዙ ይዛወራል፤ አይሱዙው ከሚቆምበት ወዲያ በበቅሎ ይጫናል። ሦስቱም በየፊናቸው ይጨምራሉ።

ያልሞከርኩት የለም። ቢራ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ለምኜ ነበር፤ ሣጥን እላዩ ላይ እንደሚደረድርበት ነግሮኝ ተውኩት። አንድ ጊዜ ወደ አይከል የሚሄድ ከበሮ ከመኪናው ጣራ፣ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኜ ላክሁ። በመንገድ ላይ ዝናብ መጣ፤ ሸራው ተንሸራተተ፤ አንዱ የሽንኩርት ጆንያውን ጣለበት። ቆዳው ተቀድዶ ተመለሰ። አባቴ ሌላ ቆዳ አለበሰውና፣ «ከእንግዲህ ላይ ከምትሰቅዪው በትከሻሽ ተሸክመሽ ሂጂ» አለኝ። ስለዚህ እየተናደድኩ ወንበር መግዛቴን ቀጠልኩ።

ኋላ ግን ለደጋው የመጓጓዣው ወጪ ከበሮውን ራሱን አከለ። ደብሮቹ ሲደውሉ፣ «እስቲ ለከርሞ» ማለት ጀመሩ። ያለቁ ከበሮዎች ከግድግዳችን ላይ ተሰቅለው ቀሩ። አባቴ ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ይነሣና መፈልፈያውን ይስላል፤ ስሎም መልሶ ያስቀምጠዋል። ፈራሁ። ገቢው ቢቀር ሌላ ነገር እሞክራለሁ፤ ዕድሜዬም ይፈቅድልኛል። ያስፈራኝ አባቴ ነው። እጁ ሥራ ከፈታ እሱም አብሮ እንደሚያበቃ ይታወቀኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ አንድ ቄስ ከጃናሞራ ደጋ ወርደው ወደ ቤታችን መጡ። ቀድመው በስልክ ከበሮ አዝዘው የነበሩ ናቸው። ትዕዛዙን ለመሰረዝ ነበር የመጡት፤ በስልክ መሰረዙ አሳፍሯቸው እንጂ ይደውሉልኝ ነበር።

«ከበሮውስ ሸጋ ነው» አሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን እያዩ። «ያቃተን ማኪናው ነው። አጥቢያው አዋጥቶ የከበሮውን ይከፍላል፤ የማኪናውን ከየት ያምጣ?»

አባቴ፣ «የድሮው ከበሮስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ቄሱ መለሱለት። «ቆዳው ፈነዳ። ለጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ወጣቶቹ ዝም ብሎ አይወጣም ብለው ጀሪካን መቱለት። ምን እንበላቸው? እግዜር ይይላቸው ብለን ተውናቸው።»

የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። በታቦት ፊት የዘይት ጀሪካን! የተሰደበ ሰው ይመስል አቀረቀረ።

ቄሱ እኛ ቤት አደሩ። ዘዴው የመጣልኝ በማግሥቱ፣ ከከተማው ዳር ወለቃ መንደር ላይ ነው። መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዕቃዋን ለገበያ ስትቋጥር ቆሜ አየኋት። ትንሹን በመካከለኛው፣ መካከለኛውን በትልቁ ውስጥ በጭድ እያስደገፈች ታስገባለች። አንድ ጆንያ ያንን ሁሉ ሸክላ ዋጠው። የከበሮ እንጨትም ወደ አንድ ወገን የሚጠብ ነው። ቆዳ ካልለበሰ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። ደረቁን ቆዳና ጠፍሩን ጠቅልዬ መሐሉ ብጨምርበት ሦስት ከበሮ በአንድ ጆንያ ከወንበር ሥር ይሄዳል። ቆዳው እዚያው ደርሶ ይለብሳል። በቄሱ ዙሪያ ከበሮ የሚፈልጉ ሌሎች ሁለት አጥቢያዎች ነበሩ። ሦስቱ ቢካፈሉት የመኪናው ነገር አለቀለት ማለት ነው። ቤት ስደርስ ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ገና ከበሩ ተናገርኩ።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «አይሆንም» አለ።

«ምነው?»

«ሰፊው አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ጠፍሩ የተገረፈው ግርፋት ምሳሌ ነው። ይህን በታትነሽ በማዳበሪያ ጆንያ ልትቋጥሪው ነው? ደግሞም ሳይናገር—»

«ጀሪካኑስ የምን ምሳሌ ነው?» አልኩት።

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ቄሱ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ። አባቴ ተነሣ። ነጠላውን አንሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ሲመለስም ከቄሱ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። እኔም ኩራቴ ይዞኝ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ቄሱ ሊሰናበቱ ዘንጋቸውን ሲያነሡ ግን አባቴ፣ «ይቆዩ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እንጨቱን ቋጥሪው። በጆንያም ይሁን በፈለግሽው። የከበሮውን ወንበር ግን እኔ እቀመጥበታለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሒሳቤ ሁሉ ፈረሰ። የወንበሩን ልናተርፍ አልነበር እንዴ? ከሒሳቡ ይልቅ ግን ጉልበቱ አሳሰበኝ። አይሱዙው፣ ብርዱ፣ የበቅሎ መንገዱ! «አባባ፣ እዚያ ድረስ እንዴት ይሆናሉ? ለዲያቆናቱ በስልክ እንነግራቸዋለን» አልኩት። «በስልክ ቆዳ አይወጠርም» አለ። ቁጭ ብዬ እንደገና አሰብኩት። ሦስት ከበሮ በአንድ ሰው ወንበር። ድሮ ለአንዱ የምንከፍለውን ለሦስት ይከፍሉታል። አሁንም ያዋጣል። የሚያስፈራውን ግን በሒሳብ ማቃለል አልቻልኩም።

ከሆሣዕና በፊት ሸኘሁት። ጆንያው ከወንበሩ ሥር ገባ፤ እሱ ከበሮዎቹ ሲቀመጡበት በነበረው፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ካፖርቱን ለብሶ ተቀመጠ። ረዳቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ብቻ ጠየቀኝ። በዚያ ቀን እንኳ ደስ አላለኝም። ቄሱ የሚያገለግሉበት አጥቢያ ኔትዎርክ የለውም፤ ለመደወል ወደ ከተማ መውረድ ያስፈልጋል። ፋሲካን ጎረቤት ቤት ፈሰክሁ፤ ያቀረቡልኝ ዶሮ አልወርድ አለኝ።

የተመለሰው ዳግማ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነው። ከስቷል፤ ፊቱ በፀሐይና በብርድ ተላልጧል። ገና ጫማውን ሳላወልቅለት ማውራት ጀመረ። ሦስቱንም ከበሮ የየአጥቢያውን ዲያቆናት አስቀምጦ እያሳየ ጠፍሯቸዋል። የትንሣኤ ሌሊት ከቅኔ ማሕሌቱ ጥግ ተቀምጦ አድሯል። «ይሄን ሁሉ ዘመን» አለኝ፣ «የሠራሁትን ከበሮ የሰማሁት እዚች ግቢ ውስጥ ብቻዬን ነው። ደጋው ላይ፣ ሰው መሐል ስሰማው…» አልጨረሰውም። እንባው መጣ። ኋላ ዓይኑን ጠርጎ፣ «ነፋሱንማ እዚያው በነጻ ሞላንበት» ብሎ ቀለደብኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ተራርቀው የሚኖሩ ደብሮችን በስልክ እያገናኘሁ ትዕዛዛቸውን በአንድ ጆንያ እጠቀልላለሁ፤ አባቴ በወንበሩ ይሄዳል። ረዳቶቹ ሁሉ አወቁት። በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ይይዙለትና «አያ፣ ዛሬስ ስንት አዝለው ነው?» ይሉታል። በየሄደበት የሚያስተምራቸው ዲያቆናት በረከቱ። ከግድግዳችን ላይ የተሰቀለ ከበሮ ጠፋ።

በክረምት ታመመ። ሳሉ ከደረቱ አልወጣ አለ፤ ሆስፒታልም አስተኛሁት፤ ነሐሴ ላይ አረፈ። በሥራ ላይ እያለ እንደሄደ ይነግሩኛል፤ ሊያጽናኑኝ ነው። አልተጽናናሁም። አሁንም ጠዋት ላይ መፈልፈያ ሲሳል የሰማሁ ይመስለኛል፤ ሄጄ አያለሁ።

ለአርባው ግቢው ሰው ሞልቶ ሳለ ቄሱ ከደጋው መጡ። አንድ ዲያቆን አስከትለዋል። ዲያቆኑ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ሲያስቀምጠው ዐወቅኩት፤ ከሦስቱ ትንሿ ከበሮ ናት። ጠፍሯ አልተፈታም፤ የአባቴ እጅ እንዳሰራት ነበረች። ቆዳዋ ላይ የዝናብ ጠብታ እንኳ የለም።

ለቅሶዬን ትቼ የጠየቅኋቸው ያንን ነበር። «አባ፣ በምን አመጣችኋት?»

«በወንበር» አሉ። «አጥቢያው ለእኛ ለሁለታችን ሊያዋጣ ነበር፤ ለእሷም ጨመረ። ላይ አይሰቅሏት ብለን ወንበር ገዛንላት።»

«ምነው አባ? ይህን ሁሉ ወጪ!»

«እሱስ መጥቶልን የለ?» አሉኝ።

እነዚያ የመኪና አጥተው ትዕዛዝ ሊሰርዙ የመጡት ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት። የአይሱዙውን፣ የበቅሎውን፣ የሚኒባሱን ሒሳብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና ስንት እንዳወጡ ሳልጠይቅ ዐወቅኩት። እናቴ ስታርፍ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ከበሮዋን አባቴ ይሠራበት ከነበረው ጥግ አስቀመጥናት፤ ቀኑን ሙሉ ማንም አልነካትም።

በማግሥቱ ጠዋት ሊሄዱ ሲነሡ ዲያቆኑ ከበሮዋን ጠቅልሎ አነሣ። በር ላይ ደረስኩበትና፣ «ቆይ፤ ሳትናገር አትወጣም» አልኩት። ቄሱን አየ፤ ቄሱ እሺ አሉት። ማንገቻዋን አንገቴ ላይ አድርጌ ግቢው መሐል ቆምኩ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ሰፊውን አፍ መታሁ፤ ከዚያ ጠባቡን። ጎረቤቶች በሐዘን ቤት ከበሮ ሰምተው በየበራቸው ብቅ አሉ። ጆሮዬን ወደ ቆዳው ዘንበል አደረግሁ። ጠባቡ አፍ ትንሽ ላልቷል። ለዲያቆኑ የትኛውን ጠፍር ሳብ እንደሚያደርግ አሳየሁት፤ ሳበው፤ እንደገና መታሁ። አሁን ልክ ነበረች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የሚኒባሱ ረዳት አዲስ ሰው ነው፤ አባቴን አያውቀውም። ከበሮዋን አየና ሊከራከረኝ ተዘጋጅቶ፣ «ይሄም እንደ ሰው ነው የሚከፈልበት» አለ። ቄሱ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ቀደምኳቸውና ምንም ሳልከራከር ከፈልኩ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።