ከሞተር ጀርባ የተቀመጠው ብዙነህ

ብዙነህ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ቀኝ እግሩ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ቤንዚን ይሰጣል። ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ ሻዩ ይፈሳል፣ አስተናጋጇ ፌቨን ጨርቅ ይዛ ትመጣለች።

«ጋሼ፣ ደረስክ ወይስ ገና ነህ?»

«ገና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ» ይላታል፣ ሳይስቅ።

የካምባ ልጅ ነው። ጎረምሳ ሆኖ አርባ ምንጭ ወረደ፣ እርሻ ልማት ገብቶ ትራክተር ሲፈታ ሲገጥም ሙያ ለመደ፣ ደርግ ሲወድቅ በታችኛው ከተማ በሲቀላ መናኸሪያው ጀርባ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ጋራዥ ስል በቆርቆሮ የታጠረ ግቢና አንድ የማንጎ ዛፍ ማለቴ ነው። ሞተር የሚሰቅለው ዛፉ ላይ ነው። ሚስቱ ልክነሽ ገበያ ውስጥ ቆጮ ትሸጣለች። ትንሽ ነው የምታወራው፣ ያወራችውን ግን ሰው አይረሳውም።

ነገሩን ያመጣው የቤታቸው ግድግዳ ነው። ቤቱን ሲከራዩ ግድግዳው በመጽሔት ተለጥፎ ነው ያገኙት። ከአልጋው በላይ አንድ ስዕል አለ፦ ቀጭን፣ ረጅም መኪና። የፊት ጎማዎቹ የብስክሌት ያህል፣ የኋላዎቹ የበርሜል ያህል ናቸው። ሞተሩ ራቁቱን ከፊት ተቀምጧል፣ ሰውየው ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች መሃል ተሰክቷል። ፊቱን በጭምብል ሸፍኗል። ብዙነህ ሌሊት ሌሊት ያንን ያያል። ልክነሽ አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ፊቱን ምን አስሸፈነው?»

«አቧራ ነዋ። እዚያም አገር አቧራ አለ።»

በቃ፣ እንደዚያ ብሎ አለፈው። እኛ የሲቀላ ልጆችም ብንጠየቅ ያው ነበር የምንለው፣ አቧራ ነው የምናውቀው።

አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ የምትፈለፍልባት፣ በንጉሡ ጊዜ የመጣች አፍንጫዋ ረጅም የአሜሪካ መኪና ነበረች። ስምንት ፒስቶን። የግድግዳውን መኪና ሊሠራባት ለምኖ አመጣት። ጣሪያዋን አወለቀ፣ በሮቿን አወለቀ፣ ኮፋኖዋንም ጣለው። መቀመጫዋን ወደ ኋላ ገፍቶ በኋላ ጎማዎቹ መሃል ዲፍረንሻሉ ላይ አሰረው። «ክብደቱ ኋላ ሲያርፍ ጎማው መሬት ይነክሳል» ይል ነበር፣ ጥርሱን ነክሶ እያሳየን። መጀመሪያ ያስነሳት ቀን የሲቀላ ውሻ በሙሉ አለቀሰ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ በአፌ አወጣዋለሁ፣ አሁንም ዶሮ ይሸሸኛል።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምህረት አንድ እሁድ ኤርፖርት መሄጃ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አወጣት። የልክነሽን ነጠላ አፉ ላይ አሰረ፣ ለአቧራ። መንገዱን ሳያጋምስ የዘይት ቱቦ ተሰነጠቀ። ሞተሩ ከፊት፣ ሰውየው ከኋላ፣ ነፋሱ ደግሞ ወደ ሰውየው። ሞተሩ የተፋው የጋለ ዘይት ሁሉ ፊቱ ላይ ነው ያረፈው። ግራ ዓይኑ ጠፋ። ጭምብሉ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባን።

ሆስፒታል ልንጠይቀው ገባን። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እንዴት ነህ ጋሼ?»

«መኪናዋ ስትነሳ ደረትህ ላይ ሰው የቆመብህ ነው የሚመስልህ» አለን። «ሆድህ ወደ ኋላ ይቀራል። መንገዱ ይጠብባል፣ ይጠብባል፣ ክር ይሆናል።» ልክነሽ አጠገቡ ሆና አጥሚት ታቀዘቅዛለች። 

አንድ ዓይን ቀረው። ካርቦራቶር የሚያስተካክለው፣ ልጆቹን የሚያየው፣ ዳገቱን ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ የሚወጣው በዚያች በአንዷ ነው። መኪናዋን ሸራ አለበሳት። አንዳንዴ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ሲያያት ልክነሽ ከደረሰችበት «አይጥ ገብቶ እንደሆነ ብዬ ነው» ይላታል።

በዘጠና ዓመተ ምህረት አቡበከር አዲስ ቶዮታ ፒካፕ ገዛ። አቡበከር የሙዝ ነጋዴ ነው፣ ሲቀላ ተወልዶ ሲቀላ ያደገ፣ ምላሱ ከሚዛኑ የከበደ። ሻይ ቤት ገብቶ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ጀመረ።

«ብዜ፣ በሬህ ደህና ነው?»

«የምን በሬ?»

«ያ ከፊትህ ጠምደህ ከኋላ የምትከተለው። እኔ መኪና እነዳለሁ፣ አንተ ታርሳለህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የብዙነህ እግር ቀጥ አለ። እግሩ ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«እሁድ» አለ። «ኤርፖርት መንገድ።»

«ዓይንህስ?»

«ላንተ አንዷም ትበዛብሃለች።»

ወሬው ለልክነሽ ደረሰ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቅዳሜ ጠዋት «ቆጮ ላመጣ ነው» ብላ የጨንቻን መኪና ተሳፈረች።

እሁድ ግማሹ ሲቀላ መንገዱ ዳር ተሰለፈ። ብዙነህ የብየዳ መነጽር አድርጓል። ከፊቱ ሞተሩ ያጓራል፣ ነበልባሉ ከማርሚታው ብልጭ ድርግም ይላል። ካስተዋልከው ሰውየው ፈርቷል፣ እጁ መሪውን ለቀቅ ያዝ ያደርጋል፤ ደግሞ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አቡበከር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ፀጉሩን ያበጥራል።

ያኔ ከጨንቻ የወረዱት የልክነሽ አባት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከሰው መሃል ወጡ። ደጋ የለበሱትን ቡልኮ ቆላ ውስጥም አላወለቁም። እጃቸው ላይ እርጥብ ሳር ይዘዋል። ቀስ ብለው መንገዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በሳሩ አሰመሩ፣ ከዚያ ከሳሩ ማዶ ተንበረከኩ።

«አባባ፣ ለበሬው ነው?» አለ አቡበከር።

የሳቀ የለም። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ የሚጋደል እንኳ ይቆማል። ያንን ሳር መሻገር ጎሜ፣ እርም መጣስ ነው፤ ጦሱ በአንተ አያበቃም፣ በከብትህ፣ በልጅህ ይወርዳል። አቡበከርም ቆይቶ ጉልበታቸውን አየ መሰለኝ፣ ሞተሩን አጠፋ።

ብዙነህ አላጠፋም። እግሩ ይሰጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ከሳሩ ስንዝር አያልፍም። ሽማግሌው የሚናገሩት አይሰማም፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ አጠፋው።

«ልክነሽ መጣ» እያሉ ነበር ሽማግሌው፣ አማርኛቸው እንደዚያው ነው። «ልጄ መጣ፣ ቁጭ አለ፣ አልበላም። ‹አባ፣ ባሌ ያንን ዓይን ካጠፋ እኔን በምን ያየኛል?› አለኝ። እኔ ምን ልመልስ?»

ብዙነህ ወረደ። መነጽሩን አወለቀ። ከሳሩ ወዲህ ተንበረከከ።

«ይነሱ አባባ። ሁለተኛ ከሞተር ጀርባ አልቀመጥም።»

ከሳሩ ነጭተው ሰጡት፣ ተቀበለ። ሲምል ከልቡ ነው። አጠገቡ ነበርኩ፣ ድምፁ ሲሰበር ሰምቻለሁ። የሰው ሁሉ ድምፅ አስመስዬ አውቃለሁ፣ ያንን ግን ሞክሬው አላውቅም።

እግሩ ግን አልማለም።

ሻይ ቤት ተመልሶ መጣ፣ ብርጭቆው ተመልሶ ተንቀጠቀጠ። ክረምቱ ሳይወጣ ከጋራዡ የመዶሻ ድምፅ፣ የብየዳ ብርሃን። ብንገባ ሞተሩ ማንጎው ላይ ተሰቅሏል፣ ሻንሲው ተቆርጧል። መቀመጫው የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ሄዷል፣ ሞተሩ ከመቀመጫው ኋላ ሊገባ ነው።

«ቃሌን አላጠፍኩም» አላት ልክነሽን። «ከሞተር ጀርባ አይደለሁም። ዘይት ቢተፋም ወደ ኋላ ነው።»

ዞረችው። መቀመጫው ጋ ቆመች።

«ከፊትህስ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ብረት የለ?»

«የለም። መንገድ ብቻ ነው» አለ፣ ፈገግ ብሎ። እሷ ፈገግ አላለችም።

አቡበከርም አየው። «አሁን ደግሞ በሬው ነው አንተን የሚያባርርህ።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ለመስቀል ወርደው ነበር። መኪናዋን በዱላቸው ኳ ኳ አደረጓት። «ይሄ ፊቱ የት ነው?» አሉ።

«ፊቱ እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ዞረው ልጃቸውን አዩ። ልክነሽም አየቻቸው።

እስከ አሁን መኪናዋን ይዞ አልወጣም። አንድ ዘንግ ከአዲስ አበባ ይጠብቃል፣ ሹፌር በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ድረስ ይሮጣል። ጥር ነው፣ የሲቀላ ግቢ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። የጋራዡ በር ሥር ብቻ፣ ልክ የመኪና ስፋት ያህል፣ አረንጓዴ ሳር በቅሏል። ልክነሽ ገበያ ከመሄዷ በፊት በጀሪካን ታጠጣዋለች። ብዙነህ ሲገባ ሲወጣ ሳሩን ሳይረግጥ በአጥሩ ጥግ ተለጥፎ ነው የሚያልፈው።

አንድ ጠዋት ስታጠጣ ደረስኩባት።

«እትዬ ልክነሽ፣ ይሄ ሳር ለምንድን ነው?»

«ለበሬው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።