እናቴ በየዓመቱ ደህና ናት

ሥራዬ ሰው ምን ያህል ደህና እንደሆነ መጠየቅ ነው። በየዓመቱ ከባልደረባዬ ጋር ከዲላ ተነስተን ዱመርሶ ቀበሌ እንሄዳለን፤ እነዚያኑ ቤቶች አንኳኩተን ያንኑ እንጠይቃለን። መራመድ ያስቸግርዎታል? ሕመም አለብዎት? ጭንቀትስ? የአካባቢው ሰው ጤናና ኑሮ ከዓመት ዓመት ተሻለ ወይስ ከፋ የሚለውን ለማወቅ ነው። መልሱ ግን ንቅንቅ አይልም፤ «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።» ሕመምን መዘርዘር በጌታ ላይ ማጉረምረም ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ እበሽቃለሁ።

ከቤቶቹ አንዱ የእናቴ ነው። የራስን ቤተሰብ መጠየቅ ስለማይፈቀድ ባልደረባዬ ትገባለች፤ እኔ ውጭ እንሰቱ ሥር እየተንቆራጠጥኩ አዳምጣለሁ።

እናቴ ዕድሜዋን ቡና ማጠቢያ ጣቢያው ጎንበስ ብላ ቡና ስትለቅም ጉልበቷ አልቋል። በመጀመሪያው ዓመት መራመድ ያስቸግርዎታል ስትባል «ኧረ በፍጹም!» አለች፤ ያኔ ዳገቱ ላይ ያለው ማሳዋ ድረስ ትወጣ ነበር። ቆይታ ማሳውን ለጎረቤት ሰጠች፤ መራመድ ማለት ቤተ ክርስቲያን መድረስ ሆነ። ከዚያ የጸሎት ጓደኞቿ እቤት ድረስ ይመጡላት ጀመር፤ መራመድ ማለት ጓሮ ደርሶ መመለስ ሆነ። መልሷ ግን ያው «ኧረ በፍጹም!» ነው። እየዋሸች አይደለም። እግሯ በደከመ ቁጥር መንገዱን ታሳጥረዋለች።

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ቶሎ ካልታከመች ከነጭራሹ አልጋ ላይ ትቀራለች ብሎኛል። ዲላ ወስጄ ላሳክምሽ ብዬ ያልለመንኩበት ጊዜ የለም። «ደህና ሰው ምን ብሎ ይታከማል?» ትለኛለች።

ዘንድሮም ውጭ ቆምኩ። መራመድ? «ኧረ በፍጹም!» ጥርሴን ነከስኩ። ሕመም? «ጌታ ይመስገን።» ገብቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«ጭንቀትስ አለብዎት፣ እማማ?»

«እሱስ አለ» አለች።

ባልደረባዬም ደነገጠች መሰለኝ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀች። «ምንድን ነው የሚያስጨንቅዎት?»

«ልጄ ነዋ! ይኸው ውጭ ይንጎራደዳል። ሲመጣ አይቀመጥም፣ ያቀረብኩለትን አይበላም፣ እግሬን እግሬን ያያል። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ለዚህ መድኃኒት አላችሁ?»

«እርስዎ ቢታከሙ እሱም የሚያርፍ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ዲላ ውሰዱኛ። ለእኔ ብዬ አይደለም፣ ለእሱ ነው።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት የማያት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆጮውን ወደ እኔ እየገፋች «በል ብላ» አለችኝ። በላሁ። እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር መወዛወዙን አልተወም፤ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።