ዘፋኙን ያስቆመው ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ አይራመድም» ቢል እናታችን «አንተ ራስህ ቀጥ ብለህ ሂድ፤ የልጄን ለእኔ ተወው» ብላ አሰናበተችው። ልጇ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ተነሣ፤ እያነከሰም ቢሆን ተራመደ።

መጫወት ቀረበት እንጂ ከኳስ አልራቀም። በዩኒቨርሲቲው የስፖርት አዳራሽ የነጥብ ሰሌዳው ሠራተኛ ሆነ። ቅርጫት ኳስ ሲኖር ነጥቡን ይመዘግባል፤ ሰዓት ሲያልቅ ቁልፍ ተጭኖ ጡሩምባውን ያስጮኻል። ሙዚቃ ሲኖር ደግሞ ሜዳው በምንጣፍ ይሸፈንና መድረክ ይቆማል፤ እሱም እዚያው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የዘፋኙን ስም በሰሌዳው ላይ ያበራል።

በር ላይ ትኬት የምትቆርጠውን ሴት ይወድ ነበር። ይህን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል፤ ያልተነገራት እሷ ብቻ ናት።

«እግሬን አይታ እንቢ ብትለኝስ?» ይለኛል።

«እግርህንማ በየቀኑ ታየዋለች። ያነከሰው ምላስህ ነው!» እለዋለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስመ ጥር ዘፋኝ መጣ። እሷም ሥራዋን ጨርሳ ወደ ወንድሜ ጠረጴዛ መጣችና «ጋሼ፣ ቦታ አለ?» አለችው። «ጋሼ» ስትለው ግማሽ ልቡ ወደቀ፤ በቀረው ግማሽ ወንበር ሳበላት።

መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ የፍቅር ዘፈን ተጀመረ። ወንድሜ ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል እጁን በጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ወደ እጇ አስጠጋ። አገኘሁት ብሎ ጫን አደረገ። የተጫነው ግን የጡሩምባውን ቁልፍ ነበር።

ጡሩምባው አዳራሹን ሰነጠቀው። ባንዱ ቀጥ አለ። ዘፋኙ ደንግጦ «ምን አጠፋሁ? ፋውል ነው እንዴ?» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የአዳራሹ ኃላፊ ግን አልሳቀም። እየሮጠ መጥቶ «ማነው የነካው? ማንም ይሁን ማን፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ አይሠራም!» አለ።

ወንድሜ አፉን ሲከፍት ሴትዮዋ ተነሣች።

«እኔ ነኝ። ቦርሳዬን ሳስቀምጥ ነው።»

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ። አባርረኝና የሚቀጥለውን እሑድ ትኬት አንተ ቁረጥ!»

ኃላፊው የበሩ ግፊያ ትዝ አለው መሰል፣ እየተነጫነጨ ተመለሰ። ባንዱም ቀጠለ። እሷ ተቀመጠችና ወደ ወንድሜ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣» አለችው፣ «እጄ እዚህ ጋ ነው።»

አሁን የልጅ ልጆች አሏቸው። በሕይወቱ ትልቁ ነገር ምን እንደነበር በቅርቡ ጠይቄው እንዲህ አለኝ፦ «በዚያ አዳራሽ ስንት ዋንጫ ሲነሣ አየሁ፤ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። ሰው ጥፋትህን ሲወስድልህ ግን አይረሳም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም ብርጭቆ ይስበር፣ ‹እኔ ነኝ› የምለው እኔ ነኝ።»