ስንታየሁ በኮምፒውተር የጀመረው ዕቁብ

ስንታየሁ ሸዋሮቢት ላይ ማመልከቻ እየተየበ የሚኖር ሰው ነበር። የመሬት ክርክሩም፣ የፍቺውም፣ የውርሱም ወረቀት በእሱ ጣት ያልፋል። ከተማው የሚያምነው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ የሁሉንም ጉድ እያወቀ አፉን ስለሚይዝ ነው። እንጀራው ይቺው እምነት ናት። እሷ ከሄደች ጠባቧ ሱቅና ሁለቱ ኮምፒውተሮች ምን ይረባሉ?

በ2003 ዓ.ም. ምን እንደነካው እንጃ፣ ሀብታም መሆን አማረው። አዲስ አበባ ያለ ወዳጁ ዌብሳይት ሠራለት። ሁለት መቶ ብር ትከፍላለህ፤ አሥራ አምስት ብር የማታወጣ የእጅ ባትሪ ይሰጥሃል፤ ስምህም ተራ ይይዛል። አሥር ሰው በተመዘገበ ቁጥር ከዝርዝሩ አናት ያለው አንድ ሰው ሞባይል ወስዶ ይወጣል። ለአንዱ አሥር ካስፈለገ ለሁሉም ሰው ከየት እንደሚመጣ ስንታየሁ አላሰበም ማለት አይቻልም። አስቧል። ከደብረ ሲና እስከ አጣዬ ሰው ሞልቷል ብሎ ራሱን አታለለ እንጂ።

ሰዉ ግን ኢንተርኔት ሲባል ፊቱን አዞረ። ስንታየሁ ታዲያ ቸኮለና ጉድ የሚያፈላ ቃል ተናገረ፦ «ዕቁብ ማለት እኮ ነው። ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።»

ዕቁብ ከተባለማ ማን ይቀራል? በሦስት ወር ዘጠና ሦስት ሰው ገባ። ዝርዝሩን እያተመ በሩ ላይ ለጠፈ፤ ዘጠኝ ሞባይልም ሰጠ። ትርፉን እያሰበ የሚገዛው ቤት ሁሉ ማየት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከቀወት ገጠር እትዬ ወርቅነሽ መጡ። በዝርዝሩ ላይ ስድሳ አንደኛ ናቸው።

«ልጄ፣ በሬዬ ሞተብኝ። ተራውን ስጠኝ።»

«እትዬ፣ ከፊትዎ ስንት ሰው አለ እኮ።»

«ዕቁብ ነው አላልክም እንዴ? ችግር የደረሰበት ይቀድማል።»

እውነታቸውን ነው። ዕቁብ ላይ የተቸገረ ሰው ተራ ይለቀቅለታል፤ ይህን እዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል፣ ስንታየሁም ጭምር። እንቢ ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው። ከኪሱ ሞባይል ገዝቶ ሰጣቸው።

ይህ በተሰማ በሳምንቱ በይፋት አገር ሁሉ መከራ ወረደ። የአንዱ ጣራ ተገነጠለ፣ የሌላው ጎተራ ነቀዘ። ኢብሮ የሚባለው ወንደላጤ ሚስቴ ልትወልድ ነው ብሎ መጣ። ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር አምስት ሞባይል ከኪሱ ወጥቶ የስንታየሁ ትርፍ እልም አለ። አዲስ የሚመዘገብም ጠፋ፤ መመዝገብ የሚችለው ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ነበራ።

ያኔ ጋሽ አሊዪ ሰዉን አስከትለው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ የገበያው የትልቁ ዕቁብ ዳኛም ናቸው።

«ስንታየሁ፣ በሩ ላይ ያለው ሁሉ እንዲደርሰው ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።»

«እነሱስ እንዲደርሳቸው?»

«ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ።»

«ሱብሃነላህ። እኛ ሽንኩርት ስንሸጥ እንኳ እንዲህ አንዋሽም።»

ፖሊስ ይጠራ የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሣ። እስር ቤቱ እዚያው ሸዋሮቢት ነው፤ ባጃጅ እንኳ አያስፈልገውም። ስንታየሁን ያስጨነቀው ግን እስሩ አልነበረም። ከእንግዲህ ማን ምስጢሩን ይዞ እሱ ዘንድ ይመጣል?

«ቢታሰር መንግሥት ያበላዋል፤ እኛን ማን ይከፍለናል?» አሉ ጋሽ አሊዪ። «ዕቁብ ነው ብሏል፣ ዕቁብ ይሁን። ቀድሞ የበላ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ይጥላል። የበላኸው አንተ ነህ።»

ሞባይል ያልደረሳቸው ሰባ ዘጠኝ ሰዎች ስማቸው በብጣሽ ወረቀት ተጻፈ። በየገበያው ቀን አንድ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣለት ሁለት መቶ ብሩን ከስንታየሁ እጅ ይቀበላል። ውሉን ራሱ ስንታየሁ ተየበው፤ የመተየቢያም አልጠየቀም።

እንዲህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። አንዱ ኮምፒውተር ተሸጠ። ሰዉ እየሰደበውም ቢሆን ማመልከቻውን ወደ እሱ ማምጣቱን አልተወም፤ ሥራ ካጣ በምን ይከፍላል? የምትታለብን ላም ማንም አያስርብም። ስንታየሁ ግን ይቅር ያሉት መሰለውና ደስ አለው።

በመጨረሻው ሳምንት የቀረችው መንገድ ዳር ማንጎ የምትሸጠው ናፊሳ ነበረች። ብሩን ሁለቴ ቆጥራ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ሰዉ ሲበተን እሷ አልሄደችም። ስንታየሁ አሁን ደግሞ ምን ልትለኝ ይሆን ብሎ ስድቡን ለመቀበል አንገቱን ደፋ።

«ስንታየሁ፣» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደገና ስትጀምር አደራህን፣ እኔን አንደኛ ላይ ጻፈኝ።»

እስክትስቅ ጠበቃት። አልሳቀችም፤ የምሯን ነው። ሰባ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በሰው ፊት ሲሰደብ ያልተሰማው ሐፍረት ያን ጊዜ ፊቱን አቃጠለው።