ለተርኪ የሚሆን ጥይት

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ወደ ሥራ ስነዳ ግሪንቤልት አካባቢ ሦስት የዱር ተርኪዎች፣ ዶሮ የሚመስሉ ግዙፍ ወፎች፣ አስፋልቱን ሲሻገሩ ባለመኪናዎቹ ሁሉ ቆምን። ከኋላዬ ያለው ሰው ጥሩንባ ነፋ። እነሱ ግን ለማንም ሳይጨነቁ፣ አንገታቸውን እያስቀደሙ ቀስ ብለው አለፉ። እነሱን ሳይ በወጣትነቴ በአጎቴ በጋሽ ተፈራ ላይ የሠራሁት ጥፋት ትዝ አለኝ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጋሼ ጋር እየኖርኩ ኮሌጅ እማር ነበር። ጋሼ አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠሩ ነበር። አገር ቤት መንገድ ቀያሽ ስለነበሩ በየበረሃው ሲዞሩ ጅግራና ድኩላ አድነዋል። ይህን የሰማ ዋልተር የሚባል የሥራ ባልደረባቸው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ ያለው ሰው፣ ለሚያዝያ የተርኪ አደን ጋበዛቸው። ፈቃድ አወጡ። ጠመንጃውን ዋልተር ሊያውሳቸው፣ ጥይቱን እሳቸው ሊገዙ ተስማሙ።

ቅዳሜ ለማስተርጎም ይዘውኝ ሱቅ ሄዱ። እንግሊዝኛቸው ለፓርኪንግ ይበቃል፣ ለጥይት ግን አይበቃም። የሾትጋን ጥይት ሆዱ ውስጥ ብዙ የእርሳስ ፍሬዎች አሉት፤ የሚገርመው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፍሬው ያንሳል። ጋሼ ዘጠኝ ትልልቅ ፍሬ ብቻ ያለውን፣ ለአጋዘን የሚሆነውን አነሡ።

ሻጩ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። “ይሄ ለተርኪ ክልክል ነው። ሩቅ ይሄዳል። አዳኞች ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሰው ጫካ ውስጥ ስለሚቀመጡ ከወፉ ኋላ ሰው ሊኖር ይችላል። ቁጥር አምስት ይውሰዱ፤ የሚመታው ጭንቅላቱና አንገቱ ነው።”

“ምን አለ?” አሉ ጋሼ።

“ትንሹ ይሻላል ነው የሚለው።”

“ግልገል የሚያህል ወፍ በጤፍ ልመታ? እሱ መቼ አድኖ ያውቃል በይው!”

ሰኞ ፈተና ነበረብኝ፤ የጋሼም ፊት ጠቁሯል። ክርክሩን ለማሳጠር የቀረውን ዋጥኩት። ሻጩን “ገብቷቸዋል” አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ሸጠልን።

የአደኑ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እርሻው ደረስን። ጾም ስለነበር መንገድ ላይ የበላነው ዳቦ በለውዝ ቅቤና ብርቱካን ነው፤ መኪናው ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። ዋልተር መጀመሪያ እንሞክር ብሎ ካርቶን ላይ የተርኪ አንገት ሣለና አርባ እርምጃ ላይ አቆመው።

ጋሼ ተኮሱ። የተሣለው አንገት አልተነካም። ከካርቶኑ ብዙ ርቆ፣ ኮረብታው ሥር የተጣለ አሮጌ በርሜል ግን ጓ አለ።

ዋልተር የጥይቱን ካርቶን አንሥቶ አነበበና ፊቱ ተለወጠ። “ሱቅ ውስጥ አልነገሯችሁም?” አለ። ይህን ጋሼ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው።

“ነግሮሽ ነበር?” አሉኝ።

“አዎ ጋሼ። ክልክል ነው፣ ሰው ሊመታ ይችላል ብሎኝ ነበር።”

ጠመንጃውን ባዶ አድርገው ለዋልተር መለሱለት። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “እኔ ግትር ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን እምቢ ብል እንኳ ሰምቼ እምቢ ልበል እንጂ፣ ስንዱ።”

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ዋልተር ከራሱ ቁጥር አምስት ሰጣቸው፤ የካርቶኑ አንገት በአንድ ተኩስ ወንፊት ሆነ።

በማግስቱ ማለዳ ጋሼና ዋልተር ጫካ ገቡ፤ እኔ ከዋልተር ሚስት ጋር ድንች ስልጥ ቆየሁ። ከቀትር በፊት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንድ ወንድ ተርኪ ላባው እንደ መዳብ እያብለጨለጨ ሠላሳ እርምጃ ድረስ ቀርቦላቸው ነበር።

“ታዲያ ለምን አልተኮሱም?” አልኳቸው።

“ከኋላው ቁጥቋጦ ነበር። ማን እንዳለበት አላየሁም።”

በኋላ ሄደው ሲያዩት ማንም አልነበረም። ጋሼን ግን አልቆጫቸውም፤ ድንቹን በጨው ደስ ብሏቸው በሉ።

ዛሬ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። በቅርቡ አንዲት አዛውንት ከልጃቸው ጋር ሐኪም ዘንድ ቀርበው ነበር። ሐኪሙ የታሰበላቸው ቀዶ ጥገና ሊያመጣ የሚችለውን አደጋ ሲዘረዝር ልጃቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ፕሊስ፣ ይቺን ዝለያት፣ ትፈራለች” አለችኝ። ጭንቀቷ ገባኝ። እንደማልችል ነገርኳትና አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። እናትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ፣ “እንግዲህ አሁን ፈቃዴን ጠይቁኝ” አሉ።