ከአባይ ማዶ የመጡት አጎት

በዩኒቨርሲቲው የቡሬ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የበጎ አድራጎት ክበብ አባል ነበርኩ። አባላቱ አንድ የመመገቢያ ጠረጴዛ ይበቃን ነበር። ደም ልገሳ እንቀሰቅሳለን፣ ለታመመ ተማሪ ልብስ እናጥባለን፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ አልነበረንም። ኢሕአዴግ የመጨረሻ ዓመታቱ ላይ በደረሰበት በዚያ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከአባይ ማዶ የተፈናቀሉ ገበሬዎች በአይሱዙ እየተጫኑ መጡና ከከተማው ዳር አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ሰፈሩ። አብዛኞቹ የጎጃም ሰዎች ናቸው። በወጣትነታቸው መሬት ፍለጋ ተሻግረው፣ እዚያው ወልደው፣ ሽበት ሲጀምራቸው የተመለሱ።

ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን ቁርሱን እንዲተውላቸው ለመጠየቅ ፈቃድ አወጣን። «ፖለቲካ እንዳታደርጉት» ተባልን፤ እሺ አልን። ዳቦውን በማዳበሪያ ሞልተን በባጃጅ እንወስዳለን። የእኔ ድርሻ ሚኒ ሚዲያው ነበር። የተፈናቃዮቹን ድምፅ በስልኬ እየቀዳሁ ጠዋት ጠዋት ካፌው ፊት ለፊት ባለው ድምፅ ማጉያ አሰማለሁ። ሰዎቹ ግን አይናገሩልኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ።

የተናገሩልኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሲሸሹ እግራቸው ተሰብሮ በወጌሻ ታስሮላቸዋል። ሚስታቸውና ትንሽ ልጃቸው አብረዋቸው አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

«አያ፣ መፈናቀል እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔማ ምን ተፈናቀልሁ? አገሬ ገባሁ እንጂ» አሉኝ። «ሽንዲ ማዶ እናት አለችኝ። ስልኬ ከቤቱ ጋር ነደደ እንጂ ይኸኔ መጥተው በወሰዱኝ። እግሬ ይሻለኝ ብቻ። ባዶ እጄን ደጇ ብቆም እንኳ ‹እሰይ፣ አንተ ተረፍህልኝ› ነው የምትለኝ። እናት ያለችው ሰው ደኻ አይባልም ልጄ።»

የሰፈራቸውን ስም ጠሩ፤ የእናታቸውን ስም ጠሩ። በማግስቱ ጠዋት ድምፃቸውን አሰማሁ። የዳቦው ሰልፍ ቆመ። ሴት ተማሪዎች አለቀሱ። ወረፋ ይዘው ከነበሩት ብዙዎቹ ዳቦአቸውን ማዳበሪያው ውስጥ እየጣሉ ወጡ። ክበባችን እንደዚያ ቀን ሰው ሰምቶት አያውቅም ነበርና ደስ ብሎኝ የማይክራፎኑን ገመድ ስጠቀልል አንድ ረጅም ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እጽዋት ሳይንስ የሚማር፣ ከወንበርማ የመጣ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው።

«የእናታቸውን ስም ድገሚልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት። ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

«አያቴ ናቸው» አለ። «ሰውየው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኔ ሳልወለድ ነው የተሻገሩት።»

«እንኳን ደስ ያለህ!» ብዬ ለሰውየው ልነግራቸው ልሮጥ ስል እጄን ያዘኝ።

«አያቴ እኮ አርፈዋል። አምና በፍልሰታ። መርዶ በስልክ አይነገር፤ ያሉበትን አገር የሚያውቅ ጠፍቶ ሄዶ የሚያደርስላቸው አልተገኘም።»

እዚያው ተቀምጦ ለትንሹ አጎቱ ስልክ ደወለ። መልሱን ከጎኑ ሆኜ ሰማሁት። «አደራህን፣ አንተ እንዳትነግረው። ልጅ መርዶ አይነግርም። የነፍስ አባታችንን ይዘን ሰኞ ንጋት እንመጣለን። እስከዚያ እህል ይብላበት።»

ስለዚህ ዝም አልን። ሌላው ጭንቅ ግን ልጁ ማን መሆኑን ሊናገር አለመቻሉ ነበር። ‹የእኅትህ ልጅ ነኝ› ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹እናቴ ደኅና ናት?› ነው የሚሆነው። ቅዳሜ ዕለት ከተማሪና ከመምህራን የሰበሰብነውን ልብስ ስናከፋፍል «እኔም እሄዳለሁ» አለኝ። «ተው፣ አትችለውም» አልኩት። «ፊታቸውን ልየው» አለ።

ልብሱን ዘርግተን ሳለ አጎቱ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ልጁን ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ ከወዴት ነህ?»

«ከአዴት ነኝ።»

«ከአዴት? የማን ልጅ?»

«እርስዎ አያውቋቸውም።»

«እንዲያው አፍንጫህ የእኛን ሰው መሰለኝና ነው» ብለው ሳቁ። ልጁ ማዳበሪያ የሚያነሣ መስሎ ጎንበስ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቀና አላለም።

ለራሳቸው ምንም አልመረጡም። ከክምሩ ውስጥ አንድ ሐምራዊ የሴት ሹራብ መዘው አወጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸን ለእናቴ ያዥልኝ። ብርድ አትችልም። በቁመት አንቺን ነው የምታክል፤ እስቲ ልበሽውና ልየው።»

ለበስኩት። ዙሪ አሉኝ፤ ዞርኩ። እጅጌውን ሳብ አድርገው፣ ትከሻዬን በመዳፋቸው ለክተው፣ «ልክ ናት! በይ አጣጥፊልኝ» አሉ። አውልቄ አጣጥፌ ሰጠኋቸው። ሚስታቸው ከወዲያ ሆነው ያዩን ነበር። ከእኔና ከልጁ ፊት ምን እንዳነበቡ አላውቅም፤ ፈገግታቸው ጠፋ፤ ቀስ ብለው ትንሿን ልጅ ወደ ጉያቸው ሳቧት።

ሰኞ ገና ሲነጋጋ ሄድን። ትንሹ ወንድም፣ የልጁ እናትና አንድ ሽማግሌ ቄስ መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል። አጎቱ ወንድማቸውን ከሩቅ አውቀውት ምርኩዛቸውን ጥለው እያነከሱ መጡ። «መጣችሁ! እሷስ? እናቴን ምነው አላመጣችኋትም?»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ አንተ እግዚአብሔርን የምታውቅ ሰው ነህ» ብለው ጀመሩ። መጨረስ አላስፈለጋቸውም። የልጁ እናት «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ በኋላ መጋዘኑ በሙሉ አለቀሰ። እነዚያ ለእኔ አንድ ቃል ያልተነፈሱ ሴቶች ተነሥተው ደረታቸውን መቱ። የራሳቸውን ሰው ስም ይጠሩ ነበር፤ መንገድ ላይ የወደቀውን፣ ሳይቀበር የቀረውን፣ ሰው ሰብስበው ሊያለቅሱለት ያልቻሉትን። ይዘነው የመጣነው ዳቦ በር ላይ ቀረ።

ረፈድ ሲል አጎቱ ወንድማቸውን፣ «ምን ብላ ሞተች?» ብለው ጠየቁት።

«‹መጣ ወይ?› ነበር የምትለው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ‹ወጥታችሁ እዩ› ትለን ነበር።»

ከዚያ ወንድማቸው ልጁን ጠርቶ፣ «ይኸ የእኅትህ ልጅ ነው» አላቸው። አጎቱ ቀና ብለው አዩት።

«ከአዴት ነኝ አላልኸኝም?»

«ዋሸሁዎት፣ አጎቴ።»

«ደግ አደረግህ» አሉ፤ አንገቱን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሚስታቸው ሹራቡን ከመኝታቸው ራስጌ አንሥተው ለአንዲት አሮጊት አልብሰዋቸው ነበር።

ሽንዲ ወሰዷቸው። የእናትየው መሬት ግን ለጧሪው ለትንሹ ወንድም ሆኗል፤ እሱም የልጆች አባት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። «እኩል እረስ» አላቸው፤ የገዛ አባታቸውን ማሳ እንደ ባዳ የምርቱን እኩሌታ ለወንድማቸው እየሰጡ ማረስ ጀመሩ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ልጁ ነው፤ የአጎቱን ኑሮ እያየ እሱም አፍሮ ሰው መሸሽ ጀምሮ ነበር። በግቢያችን ዳቦው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀጠለና የፈተና ሰሞን ቀዘቀዘ። አንድ ተማሪ ወረፋ ላይ ሆኖ «እንደዚያኛው የሚያስለቅስ የላችሁም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልመረቅ በተቃረብኩበት ጊዜ ቡሬ ገበያ ውስጥ አጎቱን አገኘኋቸው። ከመኪና የእህል ጆንያ እያወረዱ ነበር። እግራቸው ተጣሞ ነው የገጠመው። መጀመሪያ አላወቁኝም፤ ስነግራቸው አቧራውን ከእጃቸው አራግፈው ጉንጬን ሳሙኝ።

«ሽንዲን ተዉት እንዴ?» አልኳቸው።

«ከወንድሜ ጋር ሳንጣላ ይሻላል ብዬ ነው። ሚስቴ ልጅቷን ይዛ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች፤ እዚያም ቢሆን እንግዳ ናት።» ወደ መኪናው ዞር ብለው አዩ። «ያኔ መጋዘን ሳለን ይሻለኝ ነበር ልጄ። የምሄድበት ነበረኝ።»

ከመኪናው ላይ ያለው ሰው ተጣራ። ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡት፤ ጆንያውን ሲጭንባቸው እያነከሱ ወደ መደብሩ ሄዱ።